የበቆሎ ግሉኮስ ሽሮፕ፦ ማጣሪያው ይደፈናል፣ በርሜል ውስጥም ይረጋል

ከረሜላ ቤት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ላይ በ300 ሊትር ክፍት ድስት ከበቆሎ ስታርች ሽሮፕ እያወጣን ነው። 100 ኪሎ ስታርች፣ 175 ሊትር ውሃ፣ ፒኤች 6፣ አልፋ አሚሌዝ (ስታርቹን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) 50 ግራም፣ 90 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት። ከዚያ 60 ዲግሪ ላይ በፒኤች 4.5 ግሉኮአሚሌዝ (ቁርጥራጩን ወደ ግሉኮስ የሚፈታ ኢንዛይም) ጨምረን 48 ሰዓት እናቆየዋለን። የማጣሪያው ጨርቅ በ10 ደቂቃ ይደፈናል፣ ውሃውን ስናተንነው ይጠቁራል፣ በርሜል ውስጥ ደግሞ በሳምንቱ እንደ ሞራ ይረጋል። ብሪክሱ (በመቶ የሚለካው ጠጣር) 80 ስለሆነ ለከረሜላ ይሆናል ብለን ነበር። የት ጋ ነው የተሳሳትነው?

ፒኤች ሜትር፦
ጨርቁን ተወው፣ ችግሩ ማቅጠኑ ላይ፣ ማለትም ስታርቹን በአልፋ አሚሌዝ በምታፈርስበት ደረጃ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ክፍት ድስት ለማቅጠን የሚፈለገው 105 ቀርቶ 95ም አይደርስልህም። የበቆሎ ስታርች ከ62 እስከ 72 ባለው ውስጥ ያብጣል፣ ከስብ ጋር የተያያዘው ክፍል ግን ከ100 በታች በደንብ አይፈታም። ጨርቁ ላይ እንደ ሙጫ የሚለጠፈው እሱ ነው።

የሚዘጋ፣ ማማሰያና ሴፍቲ ቫልቭ ያለው ድስት ያስፈልግሃል። በዚህ ከፍታ 105 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 0.45 ባር ገደማ ማሳየት አለበት፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 0.2 ይበቃ ነበር። አየሩ ቀድሞ ካልወጣ ጌጁ ይዋሻል፣ ቴርሞሜትሩን እመን። 105 ላይ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ክዳኑ እንደተዘጋ 95 ላይ 90 ደቂቃ። ኢንዛይሙ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ይሁን፣ ከማሞቅህ በፊትም ይግባ፤ አለበለዚያ 70 ላይ ገንፎ ሆኖ ማማሰያውን ያቆመዋል። ውሃህ ለስላሳ ከሆነ 40 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ (ዳይሃይድሬቱን፣ ማለትም ውሃ ያዘለውን) ጨምር፣ 40 ፒፒኤም ካልሲየም ይሰጥሃል፤ ያለሱ ኢንዛይሙ ሙቀቱን አይቋቋምም።

በአዮዲን ፈትሸኸዋል?

ከረሜላ ቤት፦
አዎ፣ ከድስቱ እንደወጣ። ቀለም የለውም፣ ስለዚህ አልቋል ብለን ነበር።

ፒኤች ሜትር፦
ትኩሱን ነው የፈተሽከው! አዮዲን በትኩስ ስታርች ላይ ሰማያዊ አይሰጥም። ናሙናውን በነጭ ሰሃን ላይ አቀዝቅዘህ ጠብታ ጣል። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ካየህ ገና ነው፤ ቀይ ቡናማ ሲሆን ቀጥል።

ሙቅ እንፋሎት፦
ልጨምርበት። ማቅጠኑ ሲያልቅ ገና ትኩስ ሳለ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 4.3 አውርደህ 10 ደቂቃ ያዝ፤ አልፋ አሚሌዙ ይሞታል። ከዚያ ቶሎ ወደ 60 አብርድ። ቀስ እያለ ከበረደ ስታርቹ ተመልሶ ይያያዝና ወተት የመሰለ ጉም ይሰጥሃል፣ እሱን ደግሞ ኢንዛይም አይነካውም። ግሉኮአሚሌዙ ደግሞ ሙቀቱ በእርግጥ 60 ላይ ሳይወርድ አይግባ።

መጥቆሩ በአብዛኛው ከፕሮቲን ነው። ከስኳሩ ጋር ሲፈላ ቡናማ ይሆናል። ስታርቹ ከ0.4 በመቶ በላይ ፕሮቲን ካለው፣ ወይም ስታርች ተብሎ የተሸጠልህ የበቆሎ ዱቄት ከሆነ፣ አትድከም። ከማትነንህ በፊት አክቲቭ ካርቦን ከደረቁ ክብደት 0.5 እስከ 1 በመቶ፣ 70 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ። ማትነኑ ግን በቫኪዩም ይሁን፣ በክፍት ድስት 80 ብሪክስ ድረስ ካፈላኸው ካርቦኑ የሠራውን መልሰህ ታበላሸዋለህ።

ዲኢ 42፦
ስለ መርጋቱ ማንም አልመለሰም። ብሪክስ የሚነግርህ ስንት ጠጣር እንዳለ ነው እንጂ ስታርቹ ምን ያህል እንደተፈታ አይደለም። ይህን የሚነግርህ ዲኢ ነው (0 ያልተፈታ ስታርች፣ 100 ንጹህ ግሉኮስ)። በ48 ሰዓት ግሉኮአሚሌዝ ዲኢው 95 ገደማ ይደርሳል፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ንጹህ ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግማሽ ገደማ ብቻ ይሟሟል፤ አንተ 80 አድርገኸዋል፣ የቀረው ይረጋል እንጂ የት ይሄዳል? ቢቀርልህም ከረሜላው እርጥበት ስቦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል።

ለደረቅ ከረሜላ ዲኢ 42 አካባቢ ነው የምትፈልገው። ግሉኮአሚሌዙን ቶሎ በማቆም አታምጣው፣ ግሉኮስና ረጅም ዴክስትሪን (ገና ያልተፈታ የስታርች ቁራጭ) ተቀላቅሎ ይቀርሃል። በምትኩ የፈንገስ አልፋ አሚሌዝ፣ ፒኤች 5 እስከ 5.5፣ 55 ዲግሪ። የሚወጣው በብዛት ማልቶስ (ከሁለት ግሉኮስ የተያያዘ ስኳር) ነው፣ አይረጋም። ዲኢውን በሰዓታት ልዩነት በፌህሊንግ (ስኳር በሚለካ የኬሚካል ፈተና) ለካ፣ ሲደርስ 85 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ አሙቀህ ግደለው። በዚህኛው መንገድ ግን ሙቅ እንፋሎት ያለውን ፒኤች 4.3 መልሰህ በሶዳ ወደ 5.2 ማምጣት አለብህ።

ከረሜላ ቤት፦
የረጉትን በርሜሎችስ?

ዲኢ 42፦
ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆያቸው፣ ይፈታሉ። ለከረሜላ አይሆኑም፣ ለዳቦና ለብስኩት ግን ሸጋ ናቸው፤ እርሾው ይወደዋል፣ ቅርፊቱም ቡናማ ይሆናል።