የልጄ የጆሮ ታምቡር ተቀዶ፣ ሁለት ሐኪሞች ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነገሩኝ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ቀኝ ጆሮዋ ይመግላል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጉንፋኑ አይለቃትም። አሁን ታምቡሯ ከግማሽ በላይ ተቀዷል ተባልን። መምህሯ ካልቀረባት አትሰማም። አንዱ የአንገት በላይ ሐኪም «ከጆሮዋ ጀርባ ተከፍቶ በፋሺያ፣ ማለትም በስስ የጡንቻ ሽፋን፣ ይለጠፋል» አለኝ። ሌላው «በጆሮዋ ቀዳዳ በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም በቀጭን ካሜራ፣ ገብተን በካርቲሌጅ (በልም አጥንት) እንሠራዋለን» አለ። የቱን ልምረጥ? ያለፈበት ሰው ይንገረኝ።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)፦
እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ከጀርባ ተከፍቼ በፋሺያ ነው የተሠራሁት። ጠባሳው ዛሬ አይታይም። የጆሮዬ ጫፍ ግን ለወራት ደንዝዞ ቆየ። ከሁሉ የከበደኝ ውስጡ በስፖንጅ ስለሚጠቀጠቅ ከበፊቱ ብሶ መደንቆሬ ነው። ተበላሸ ብዬ አለቀስኩ። ስፖንጁ ሟሙቶ ሲያልቅ ቀስ በቀስ መስማት ጀመርኩ። ልጅሽን አስቀድመሽ ንገሪያት። ከተሠራች በኋላ ስለ መንገድ ጉዞም ሐኪሙን ጠይቂ። ከጣርማ በር ወደ እኛ ሲወረድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ጆሮ ይደፈናል። ምራቅ መዋጥ ይሻላል እንጂ አፍንጫ ይዞ መንፋት ልጣፉን ያነሳዋል።

መልስ (አንገት በላይ ክፍል የምትሠራ ነርስ)፦
እህቴ፣ ሁለቱ ሐኪሞች የሚጣላ ነገር አልነገሩሽም። በየት ይገባል የሚለውና በምን ይለጠፋል የሚለው ነው የተደባለቀብሽ።

ፋሺያ ከጆሮ በላይ ካለው የማኘኪያ ጡንቻ ላይ የሚነሳ ስስ ሽፋን ነው። ለትንሽና ለመካከለኛ የታምቡር ቀዳዳ ጥሩ ነው። ካርቲሌጅ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ካለችው ጉብታ ይወሰዳል፤ ጠንከር ይላል። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ አየር የሚያስገባው ቱቦ በጉንፋን ሲዘጋ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። ያኔ ፋሺያ ሊሰረጉድ ይችላል፣ ካርቲሌጅ ግን ይቋቋማል። ስለዚህ ለሰፊ ቀዳዳና አንዴ ተሠርቶ ለከሸፈ ጆሮ ብዙ ሐኪሞች እሱን ይመርጣሉ። «ወፍራም ነው፣ መስማት አይቀንስም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ሳስቶ ሲከረከም የመስማት ውጤቱ ከፋሺያው ብዙም አይለይም። እንደ ልጅሽ ላለው ጆሮ እኔ ወደ ካርቲሌጅ አደላለሁ።

አገባቡ ላይ ግን ኢንዶስኮፕ የግድ ይበልጣል አልልም። ጠባሳው ትንሽ ነው፣ የታምቡሩን የፊት ጠርዝም በደንብ ያሳያል። ነገር ግን ሐኪሙ በአንድ እጁ ካሜራ ይዞ በሌላው ብቻ ይሠራል። ማይክሮስኮፕ ሁለቱንም እጁን ነጻ ያደርግለታል። የጆሮዋ መግቢያ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት ከታመመ፣ ከጀርባ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ካርቲሌጅም ከጀርባ ተከፍቶ ሊለጠፍ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው «እርስዎ አዘውትረው የሚሠሩት የቱን ነው? ስንቶቹስ ተሳካላቸው?» በያቸው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

መልስ (ከመንዝ)፦
ልጄ፣ እኔ አባት ነኝ። የኔ ልጅ በተሠራ በሦስተኛው ሳምንት ጠበል ወሰድኩት። ለበጎ ብዬ ነበር። ውኃ ገባበት፣ መገለ፣ ልጣፉ ተበላሸ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጠበሉን አትተዊ፤ ግን ለካህኑ ነግረሽ ከአንገት በታች ይሁን፣ ወይ ትጠጣ። ገላዋን ስትታጠብ ጥጥ በቫዝሊን ለውሳችሁ ድፈኑላት። ጤና አዳም ጨምቆ ጆሮ ውስጥ መጨመርም ይቅር።

ጠያቂዋ፦
አባቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ጆሮዋ አሁንም እየፈሰሰ ነው። ከመድኃኒት ቤት የጀንታማይሲን ጠብታ ገዝቼ እያደረግኩላት ነው። ቀጠሮው ቢዘገይ ይጎዳታል?

ነርሷ፦
ጠብታውን ዛሬውኑ አቁሚና ሐኪም ጋ ውሰጃት። ታምቡር ሲቀደድ ጀንታማይሲን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆ የመስሚያና የሚዛን ሕዋሳትን ሊጎዳ ይችላል። ለተቀደደ ታምቡር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ ነው። መዘግየቱ ለጥቂት ሳምንታት ከሆነ አትጨነቂ፤ ደረቅ ጆሮ ላይ መሥራት ስለሚመረጥ ሐኪሞቹም መጀመሪያ ማድረቅ ነው የሚፈልጉት። መግሉ ከሸተተ፣ ካዞራት ወይም ፊቷ ከተጣመመ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃት። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም የመስማት ምርመራ አሠሪላትና ወረቀቱን ያዥው፤ በኋላ የሚወዳደረው ከእሱ ጋር ነው።