ቀበሌው ለተኩላ መርዝ ሊያስቀምጥ ነው፤ ለስብሰባው ምን ይዘን እንቅረብ?

የደንገል ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ከነሐሴ ወዲህ 14 ግልገልና 3 እናት በግ ተበልቷል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ውሻ ነክሶታል። ሁለቱ ጉዳይ ተቀላቅሎ አንድ ውሳኔ ሊወጣበት ነው፦ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ሌሊት በየመንገዱና በደንገሉ ዳር ይጣላል፣ ተኩላውም ባለቤት የሌለው ውሻም አብሮ ያልቃል። መርዙ ከላይ ይመጣል፣ ሥጋውን ነዋሪው ያዋጣል ተብሏል። ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ውሳኔውን የማንደግፍ ጥቂት ሰዎች አለን። ግን "አውሬ አትግደሉ" ብለን ባዶ እጃችንን ብንቀርብ በጉ የተበላበት ሰው ይስቅብናል፤ አይፈረድበትምም። በጎቹን የበላው ተኩላ መሆኑ በምን ይረጋገጣል? መርዙስ ከተኩላው አልፎ ማንን ይነካል? በመርዙ ፋንታ የምናቀርበውንም ስንት ሽቦ፣ ስንት ቋሚ እስከሚለው ድረስ ብትነግሩን ደስ ይለናል።

ዱካ ተከታይ

ስሙን አስቀድማችሁ አጥሩት፤ ስብሰባ ላይ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከስሙ ነው። በጣና ዙሪያ አንዱ ተኩላ የሚለውን ሌላው ቀበሮ ይለዋል። እናንተ ባላችሁበት ከፍታ፣ ወደ 1,800 ሜትር ግድም፣ የሚኖረው ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት የአፍሪካ ተኩላ ነው። ድሮ ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር በአንድ ይመደብ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣ የዘረ መል ጥናት ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አሳየ። ቀይ ቀበሮ ሌላ ነው። እሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌ እንጂ ሐይቅ ዳር አይገኝም። ስለዚህ "በዓለም 500 የማይሞላ ብርቅዬ እንስሳ ልትጨርሱ ነው" ብላችሁ እንዳትከራከሩ። የሚያውቅ አንድ ሰው ከተነሣ የቀረው ክርክራችሁ አብሮ ይወድቃል።

አሁን ወደ በዳዩ። በድኑ በጠዋት፣ ውሻና ጥንብ አንሳ ሳይደርስበት መታየት አለበት። ከመንጋጋው ሥር እስከ ደረቱ ቆዳውን ግፈፉ። ከቆዳው ሥር ሥጋው ላይ የጠቆረ ደም ቋጥሮ ከተገኘ በጉ የተነከሰው በሕይወት ሳለ ነው። የጥርስ ቀዳዳ ኖሮ ሥጋው ነጣ ካለ፣ ደምም ካልቋጠረ፣ ግልገሉ በብርድ ወይም በሳንባ በሽታ ሞቶ ኋላ የተበላ ነው። ክረምት ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ በተኩላ ስም ይመዘገባል።

ተኩላ ግልገልን ጉሮሮውን ይዞ ይጥላል፣ ሆዱን ወይም ሽንጡን ቀድዶ ከሆድ ዕቃው ይጀምራል፤ ትንሽ ከሆነ ይዞት ይሄዳል። በክራንቻዎቹ ቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። የትልቅ ውሻ ከዚህ ይሰፋል፣ የትንሽ ውሻ ግን ሊመሳሰል ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ውሻ ሲገባ አያያዙ የተዝረከረከ ነው፦ ጆሮ፣ ቋንጃ፣ ታፋ ላይ ይናከሳል፣ በአንድ ሌሊት አራት አምስቱን አቁስሎ ብዙውን ሳይበላ ይተወዋል። ጅብ ደግሞ አጥንቱን ፈጭቶ ጭንቅላቱን ጨምሮ ይወስዳል፤ ጠዋት የምታገኙት ፈርሱን ብቻ ነው። ሦስቱ እናት በጎች ላይ ጥርጣሬዬ ያለው በውሻ ወይም በጅብ ነው። ተኩላ ያደገ በግ መጣል ባይሳነውም ግልገል እያለለት አይደክምበትም።

የከብት ሐኪም

ስለ መርዙ። እንዲህ ላለ ሥራ የተለመደው ስትሪክኒን ነው። በአከርካሪ ውስጥ ጡንቻን የሚያረጋጋውን መልእክት ይዘጋል፤ እንስሳው ሙሉ አእምሮ እያለው ይገተራል፣ ይንዘፈዘፋል፣ የደረቱ ጡንቻ ደርቆ አየር አጥቶ ይሞታል። ማርከሻ የለውም። ለክርክራችሁ የሚጠቅመው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፦ መርዙ ቶሎ አይፈርስም። በሞተው ውሻ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ያንን የበላ ይሞታል። አንዳንዱ እንስሳ ሥጋውን በልቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ያስታውከዋል፣ ያንን ደግሞ ዶሮ ወይም ድመት ያገኘዋል። ማታ 40 ቁራጭ ተጥሎ ጠዋት 25 ቢለቀም፣ የጎደለው 15 የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ቁራ አንሥቶ የሰው ግቢ ሊጥለው ይችላል። ልጆች ያሉበት ሰፈር መሆኑን አትርሱ። ስትሪክኒን ጠፍቶ በእርሻ ፀረ ተባይ ከተለወሰ ደግሞ ለአእዋፍ የባሰ ነው።

ጥንብ አንሳን ለይታችሁ ጥቀሱ። በቄራና በቆሻሻ መጣያ የሚሰበሰበው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመድቧል፤ እንዲህ ካደረሱት ነገሮች አንዱ መርዝ ነው። እሱ ሲጎድል በድን ሜዳ ላይ ይቆያል፣ ውሻና ጅብ ይቀለብበታል። በህንድ ጥንብ አንሳ በከብት መድኃኒት ተመርዞ ሲያልቅ ባለቤት አልባው ውሻ በዛ፣ የሰው ንክሻም አብሮ ጨመረ።

የእብድ ውሻ በሽታውን ከተኩላው ለዩት፤ ለየብቻ መፍትሔ አለው። ውሻን በመግደል በሽታው አይቆምም፣ የሚቆመው በክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየዓመቱ ከተከተበ መተላለፉ ይቋረጣል። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው ስለማይለይ የተሠራውን ሥራ ያፈርሳል፤ ባዶውን ቦታ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ ይሞላዋል። ሰውየውን የነከሰውስ ውሻ የት አለ? በሕይወት ካለ ታስሮ 10 ቀን መታየት አለበት። ጤነኛ ሆኖ ካለፈ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ከተመረዘና ከጠፋ ይህ ዕድል ቀረ። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን እስኪሞላ አይጠብቅም፦ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ከክትባቱ በኋላ ይደርሳል።

በግ አርቢ

ሁሉም ጥሩ። ግን ግልገል የተበላበት ሰው የጥርስ ቀዳዳ ሲለካ አይውልም። ሽቦውን ማን ይገዛዋል? አውሮፓውያኑ እንኳ ተኩላ ሲበዛባቸው ጥበቃውን ዝቅ አድርገውታል፤ እኛ ከእነሱ የበለጠ ሆድ ልንብስለት ነው? በመርዝ አንድ ሁለቱ ሲሞት የቀረው አካባቢውን ለቆ ይሸሻል።

ዱካ ተከታይ

ስለ አውሮፓው ልክ ነዎት። አውሮፓውያኑ የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ በተፈራረሙት የበርን ስምምነት ተኩላ "በጥብቅ የተጠበቀ" ከሚለው ወደ "የተጠበቀ" የወረደው ከየካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ነገር ግን የተፈቀደው በፈቃድ፣ በቁጥር ተወስኖ ማደን ነው። የተመረዘ ሥጋ በዚያው ስምምነት ከተከለከሉት የአገዳደል ዘዴዎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ አውሮፓን ምሳሌ ካደረግን ሥጋው አይጣልም።

"ይሸሻል" የሚለው ግን አይሆንም። የሞተው ለሌላው አይነግርም። ተኩላ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የየራሱን ክልል ይዞ ይኖራል፤ ባለቦታዎቹ ሲሞቱ ከጎረቤት ክልል ወጣቶቹ ይገባሉ፣ ጉረኖው እንደተከፈተ ይጠብቃቸዋል። በመካከሉ አይጡ ይበዛል፤ የተኩላ ዋና ምግቡ አይጥ ነው፣ አይጥ ደግሞ ጤፉንና በቆሎውን አይምርም።

ጉረኖ ሠሪ

ስለ ዋጋው የበግ አርቢው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጉረኖ እጽፋለሁ።

ሙሉው፦ ለ12 በግ ከነግልገሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ይበቃል፣ ዙሪያው 16 ሜትር። ቋሚ በየ1.5 ሜትሩ፣ 11 ቋሚ፤ ለበሩ ሁለት ወፈር ያሉ ተጨማሪ። ርዝመታቸው 2.2 ሜትር ሆኖ 60 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ይገባል። ጽድ ወይም ወይራ ከተገኘ ጥሩ፤ ባሕር ዛፍ ምስጥ ይበላዋል፣ በየዓመቱ እየነቀነቃችሁ ፈትሹት። ሽቦው ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ቀዳዳው ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ። 1.5 ሜትሩ ይቆማል፤ የቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ታጥፎ መሬት ላይ ይነጠፍና ድንጋይ ይጫንበታል። ተኩላ የሚቆፍረው አጥሩ ሥር ተጠግቶ ስለሆነ የተነጠፈው ሽቦ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ርቆ መጀመር አይመጣለትም። የዶሮ ሽቦ አትግዙ፣ ቀጭን ነው፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ዝጎ በጥርስ ይቀደዳል።

ርካሹ፦ ሽቦው ለታችኛው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሁን (ንጣፉ አይቀርም)፣ ከዚያ በላይ አጋም፣ ቀጋ ወይም ግራር። ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ። እሾህ ሲደርቅ ይሰምጣል፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ካልተጨመረበት ነሐሴ ላይ አጥር አለን ትላላችሁ እንጂ የላችሁም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን አጥሩ አይደለም፣ በሩ ነው። በሩ ሥር አንድ ጭብጥ ክፍተት ካለ ተኩላ ይሾልካል። ከበሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ቅበሩ፣ ክፍተቱም ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የሐይቁ ዳር ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይላቁጣል፤ ቋሚው ያዘነብልና በሩ አልገጥም ይላል። የቋሚውን ጉድጓድ በአፈር ሳይሆን በድንጋይና በጠጠር ሙሉት።

በቀን መጠበቁንም አትርሱ። በቆሎው እስኪቆረጥ ግልገል ከበቆሎው ጠርዝና ከደንገሉ 50 ሜትር ይራቅ፣ አንድ ወር ያልሞላው ከነጭራሹ ከቤት አይውጣ። የእንግዴ ልጅ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይቀበር። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል የታረደው በግ አንጀት ደንገል ዳር ከተጣለ ተኩላውን ድግስ ጠርታችሁታል። ብልጭ ድርግም የሚል የሶላር መብራት ይረዳል፤ በየሦስት አራት ቀኑ ቦታውን ካልቀየራችሁ ግን ይለምደዋል።

ቃለ ጉባኤ

ከአዋጅ ቁጥር 541/1999 ጀምሮ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ችግር የፈጠረ አውሬ ላይ እርምጃ የሚወስደውም ሥልጣን የተሰጠው የዱር እንስሳት አካል ነው፤ ቀበሌ በእጅ ብልጫ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ጣና ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ግን ስብሰባውን በአዋጅ አትክፈቱት፣ ሰው ይቆጣል። በጥያቄ ክፈቱት፣ ጥያቄውም ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ፦ የመርዙ ስም ምንድን ነው? ፈርሞ የሚረከበው ማን ነው? ስንት ቁራጭ፣ የት የት ይጣላል? ጠዋት ቆጥሮ የሚለቅመው ማን ነው? የሰው ውሻ ወይም ላም ቢሞት ማን ይከፍላል? ለእነዚህ በስሙ የሚፈርም ሰው ካልተገኘ ውሳኔው በራሱ ይዘገያል። ከዚያ የሦስት ወር ሙከራ አቅርቡ፦ በግ የጠፋባቸው ቤቶች ጉረኖ በቅድሚያ ይታጠር፣ ለመርዙ ሥጋ ሊዋጣ የነበረው ገንዘብ ሽቦ ይገዛበት፣ እያንዳንዱ ጥፋት በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የበጉ ዕድሜ፣ በሜዳ ነው ወይስ በጉረኖ፣ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሯል ወይስ አልቋጠረም። ማመልከቻውን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ግልባጩን ለክልሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገቡ፤ የገቢ ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ።

የደንገል ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ በድኑን ገፍፈን ስናይ በሽታ አይዘንም?

የከብት ሐኪም

ጥሩ ጠየቁ፣ እኔም ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ጓንት ግድ ነው፤ ከሌለ ያልተቀደደ የፕላስቲክ ከረጢት እጃችሁ ላይ ደርቡ። ከመንካታችሁ በፊት ግን አፍንጫውን፣ አፉንና ፊንጢጣውን እዩ። ጥቁር የማይረጋ ደም ከወጣበት፣ ሆዱ ያለ ልክ ከተነፋ፣ ከሞተ ቆይቶም ካልደረቀ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ቢላ አታሳርፉበት። ሲከፈት ነው ዘሩ አየር አግኝቶ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጠው። ውሻ እንዳይደርስበት ጠብቁና የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ እስኪመጣ በቦታው ይቆይ፣ አትጎትቱት። ቀን በቀን መንደር የገባና ሰው የማይፈራ ተኩላ ካያችሁም አትቅረቡት። ከተገደለ ጭንቅላቱ ስለሚመረመር ጭንቅላቱን አትምቱት፤ በድኑንም ባዶ እጃችሁን አትንኩ።