ለማይለቅ የወገብ ህመም ሂፕኖቴራፒ የሞከረ አለ?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነርሲንግ ሆም ነው የምሰራው፣ ታማሚ ማንሳት ማገላበጥ የየቀኑ ስራዬ ነው፣ ወገቤን ከያዘኝ አመት አልፎታል። ኤምአርአይ ተነስቻለሁ፣ ዲስኩ ትንሽ ወጣ ብሏል ግን ለኦፕራሲዮን የሚያደርስ አይደለም አሉኝ። ፊዚዮቴራፒውንም ሞከርኩ መርፌውንም ተወጋሁ፣ አሁን ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ህመም መድኃኒት ላይ ነኝ እሱ ደግሞ ያደነዝዘኛል ሺፍት ላይ እያለሁ አይኔ ይከደናል። ባለፈው ፔይን ክሊኒክ ያለችው ዶክተር «ሂፕኖቴራፒ ልላክሽ ወይ» አለችኝና ደነገጥኩ። እኔ የማውቀው ቲቪ ላይ ሰውየው ጣቱን ሲያጮህ ሰዎቹ ፍዝዝ ብለው የታዘዙትን ሲያደርጉ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «አፍዝ አደንግዝ ነው ልጄ፣ እንዳትሄጂ» አለችኝ። እኔም በጸሎት የማምን ሰው ነኝና ልቤ ከበደው። ሌላው ያስከፋኝ ነገር ደግሞ፣ ዶክተሯ ህመሙ በሀሳብሽ የፈጠርሽው ነው ማለቷ ይሆን እንዴ? ሌሊት ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ አቅቶኝ ትራስ ነክሼ የማድረው እኮ እኔ ነኝ። የሞከራችሁ ካላችሁ ምንድነው የሚያደርጉት፣ ራሴን እስታለሁ ወይ፣ ኢንሹራንስስ ይከፍላል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ነርስ ከሲያትል፦
እህቴ እግዜር ይማርሽ። እኔ ህመም ክሊኒክ ውስጥ የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ታማሚዎቻችን ሲወስዱት በየጊዜው አያለሁ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሂፕኖቴራፒ ተባለልሽ ማለት ህመምሽ የውሸት ነው ማለት አይደለም፣ በፍጹም። ህመም ከሶስት ወር በላይ ሲቆይ ነርቮቹና አእምሮ ራሳቸው ህመሙን ማጉላት ይለምዳሉ፣ ዲስኩ ያለበት ቦታ ሆኖ እንኳ ስቃዩ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ሞንትሪያል ውስጥ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። ሰዎቹ እጃቸውን የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ከትተው በሂፕኖሲስ፣ ማለት ሀሳብን አንድ ነገር ላይ ሰብስቦ በዝግታ በሚነገር ቃል፣ «የሚረብሽሽ ስሜት እየቀነሰ ነው» ሲባሉ አእምሯቸው በምስል ታየ፣ ሙቀቱን የሚመዘግበው ክፍል ብዙም ሳይለወጥ ስቃዩን የሚያስተናግደው ክፍል ስራው ተለወጠ። የምንለው ይሄንን ነው፣ ህመሙ እውነት ነው፣ የሚያሰቃይሽ መጠን ግን ሊነካ ይችላል።

ራስን መሳት የሚባለው ነገር የለም። አይንሽን ጨፍነሽ ትቀመጫለሽ፣ ትንፋሽሽን ታዘገያለሽ፣ ትሰሚያለሽ፣ ትናገሪያለሽ፣ ካልተመቸሽ አይንሽን ገልጠሽ ትነሻለሽ። የማትፈልጊውን ነገር ማንም አያሰራሽም። ቲቪ ላይ ያየሽው መድረክ ላይ ለመዝናኛ የሚሰራ ነው፣ ከህክምናው ጋር አታገናኚው። የአሜሪካ ሜዲካል አሶሲዬሽን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው ለህክምና ይጠቅማል ብሎ የተቀበለው፣ አዲስ የመጣ ነገር አይደለም።

ግን ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሰራም፣ ይሄን ሳልነግርሽ ባልፍ ልክ አይሆንም። አንዳንዱ በጣም ይቀለዋል፣ አንዳንዱ እንቅልፉ ብቻ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ምንም አይለወጥለትም። ዲስኩንም ወደ ቦታው አይመልስም። ደግሞ የሌለ ድምፅ የሚሰማው ወይም ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ህመም ያለበት ሰው ሳይኮሎጂስቱ ሳያየው መጀመር የለበትም።

ጎንደሬው ከሃይፋ፦
ልጄ እኔ ሞክሬዋለሁ። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጎኔ ላይ ህመሙ ሳይለቀኝ ቀረ፣ ሸሚዝ ሲነካኝ እንደ እሳት ነው የሚለበልበኝ፣ ክረምት ከበጋ ልብስ መልበስ ፈተና ሆነብኝ። መድኃኒቱ ትንሽ ነው የረዳኝ። የቤተሰብ ሐኪሜ ናት ወደ ሳይኮሎጂስት የላከችኝ። እዚህ እስራኤል ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ ህግ አለው፣ ሂፕኖሲስ መስራት የሚችለው ፈቃድ ያለው ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ነው እንጂ ማንም ተነስቶ አይሰራውም፣ ስለዚህ እኔ ብዙ አልፈራሁም።

መጀመሪያ ላይ ግን አልያዘልኝም ነበር። ሴትየዋ በዕብራይስጥ «ባህር ዳርቻ አሸዋው ላይ ተኝተሃል» ትለኛለች፣ ለኔ ባህር ዳርቻ ሙቀትና ጫጫታ ነው፣ ጎኔ ጭራሽ ይብስበታል። በኋላ አንተን የሚያበርድህ ቦታ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ እግሬን የምነክርበትን የመገጭን ውሃ ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ እጅህን እዚያ ውሃ ውስጥ ንከር አለችኝ፣ ቅዝቃዜው ከጣት ጫፍ ተነስቶ መዳፌን እስኪያደነዝዘው ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ያንን የቀዘቀዘ እጅህን ጎንህ ላይ አኑረው አለችኝ። ልጄ እውነቴን ነው፣ መለብለቡ ረገብ አለ። አልጠፋም፣ አሁንም አለ፣ ግን ሸሚዝ ለብሼ ምኩራብ ሄጄ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ቆሜ እመለሳለሁ። እቤት ብቻዬን ሳደርገው በአማርኛ ነው ለራሴ የምናገረው፣ በዕብራይስጥ ስለው ጆሮዬ ይሰማዋል እንጂ ሰውነቴ አይሰማውም። አንቺም እንግሊዝኛ ብትችይም በአማርኛሽ አድርጊው።

የሰንበት ተማሪ፦
እህቴ ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኔም አንድ ዘመዴን አጅቤ እስክሄድ እንዳንቺ ነበር የማስበው። ሄጄ ሳየው ግን የሚጠራ መንፈስ የለ፣ የሚጨስ የለ፣ የሚታሰር ክታብ የለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ መተንፈስና ማሰብ ነው። ህሊናሽ ካላረፈ ለንስሐ አባትሽ ምን እንደሚደረግ በደንብ አስረጂያቸው፣ ስሙን ብቻ ነግረሽ እንዳትተዪው። ለሐኪሟም በሃይማኖቴ የማይመቸኝ ነገር እንዳይኖር ብትያት ቃላቱን ካንቺ ጋር ሆና ትመርጣለች፣ ዘመዴ በመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ነው ትንፋሹን የሚያረጋጋው። ጸሎትሽንም ጸበልሽንም መድኃኒትሽንም አትተዪ።

ቦሌ ያለችው፦
ይቅርታ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ላምጣ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላታል፣ አሚትሪፕቲሊን ትወስዳለች ግን እንቅልፍ የላትም። እዚህ አዲስ አበባ ይሄን የሚሰራ ሰው አላውቅም። ዩቲዩብ ላይ ያለውን ባሰማት ጉዳት አለው?

ነርስ ከሲያትል፦
የቦሌዋ እህቴ፣ መጀመሪያ ስኳሯ በደንብ መያዙን ሐኪሟ ይይላት፣ እግሯንም በየቀኑ እዪላት፣ ቁስል ሳይሰማት ሊወጣባት ይችላል። ከዚያ ውጪ ዩቲዩብ ላይ ያለው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው ለእሷ አይሆንም፣ ይልቅ አንቺ በራስሽ ድምፅ ስልክሽ ላይ ቅጂላት። በዝግታ፣ እሷ የምትወደውን ቀዝቃዛ ቦታ ጠይቀሽ፣ ትንፋሿ እየረዘመ እግሯ እየቀዘቀዘ እየከበደ እንደሚሄድ ንገሪያት። «አያምሽም» አትበይ፣ ህመም የሚለውን ቃል ባነሳሽ ቁጥር ሀሳቧ ወደዚያው ይመለሳል። ስትተኛ ትስማው። ይሄ የባለሙያውን ቦታ አይተካም ግን ጉዳት የለውም፣ የልጇን ድምፅ መስማቱ ራሱ ያሳርፋታል።

የሜሪላንዷ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፣ የመገጩን ስትሰማ ዝም አለችና «እንዲህ ከሆነስ ሂጂ» አለችኝ። ይማርልኝ እርስዎንም። ነርሷ እህቴ፣ እንግዲህ ልደውል ነው፣ ስደውል ምን ብዬ ልጠይቅ? የኢንሹራንሱንም አልነገርሽኝም።

ነርስ ከሲያትል፦
እውነትሽን ነው ረሳሁት። እዚህ አሜሪካ እንደ እስራኤል ወጥ ህግ የለም፣ በብዙ ስቴት አጭር ኮርስ የወሰደ ሰው ሁሉ ሂፕኖቴራፒስት ነኝ ብሎ ቢሮ ይከፍታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው «የምን ላይሰንስ አለህ» ብለሽ ነው፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ይሁን፣ ከዚያ በሂፕኖሲስ ሰልጥኗል ወይ፣ ከማይለቅ ህመም ጋርስ ሰርቷል ወይ በይ። የአሜሪካ ክሊኒካል ሂፕኖሲስ ማኅበር አባል ከሆነ ጥሩ ነው፣ የጤና ባለሙያ ያልሆነን አይቀበሉም። ባንድ ጊዜ አድንሻለሁ ካለሽ ወይም የብዙ ሴሽን ፓኬጅ ቅድሚያ ክፈዪ ካለሽ ተዪው። ለኢንሹራንሱ ካርድሽ ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ ደውለሽ ባለሙያው ኔትዎርክ ውስጥ፣ ማለት ኢንሹራንስሽ አብሯቸው የሚሰራ ባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ፣ መሆኑንና እንደ ሳይኮቴራፒ መሸፈኑን ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ ነው የሚያልፈው። ቀጠሮው ላይ ድምፁን ቀድተው እንዲሰጡሽ ጠይቂ፣ የሚሰራው እቤት በየቀኑ ስትለማመጂው ነው፣ ነገር ግን መኪና እየነዳሽ እንዳትሰሚው። ጋባፔንቲኑን ደግሞ ቀለለኝ ብለሽ በራስሽ አታቁሚ፣ እንዲቀነስ ከፈለግሽ ዶክተሯ ቀስ በቀስ ታውርድልሽ፣ ሺፍት ላይ እንደሚያስተኛሽም ንገሪያት የሰዓቱን አወሳሰድ ልትቀይርልሽ ትችላለች። እግርሽ ከደከመ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም ብሽሽትሽ አካባቢ ከደነዘዘሽ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ ያኔውኑ ኢመርጀንሲ ሂጂ።