አዲስ የገጠምኩት የመኪና ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ላይ ስንት ዘይት ልጨምር? በየትስ በኩል?

ሙቀት በዛብኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ከፋብሪካ ስትወጣ ኤሲ አልነበራትም። ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚያምቀው)፣ ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያስወጣው)፣ ኢቫፖሬተር (አየሩን የሚያቀዘቅዘው)፣ ድራየር (እርጥበት የሚመጠው)፣ ቱቦዎቹንም ሁሉ አዲስ ገዝቼ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኝ ራሴ ገጠምኩ። ጋዝ ገና አልሞላሁም። የተቸገርኩት ዘይቱ ላይ ነው። ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ «ከአሮጌው ኮምፕሬሰር የወጣውን ያህል አዲሱ ውስጥ ጨምር» ይላል። እኔ ከየት የመጣ አሮጌ አለኝ? የዚችው ሞዴል ኤሲ ያለው ማኑዋል በጠቅላላው 150 ሚሊ ሊትር ይላል። ሻጩ ደግሞ «ኮምፕሬሰሩ ዘይቱን ይዞ ነው የመጣው፣ አትንካው» ብሎኛል። ማንን ልመን? ዘይት የሚጨመርበት ክዳንም ፈልጌ አጣሁ። ደግሞ ጋዝ ከመሙላቴ በፊት ቫኪዩም ሳደርግ (ውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ ስመጥ) ፓምፑ ዘይቱን ጠራርጎ አያወጣብኝም?

ፑሌጃ፦
ክዳኑን አትፈልግ፣ ብዙዎቹ ላይ የለም። እንደ ሞተር ዘይት ታች ተጠራቅሞ የሚቀመጥ አይደለም፤ ከጋዙ ጋር ተደባልቆ ሲስተሙን ሁሉ እየዞረ ነው ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው። ለዚህ ነው ቪዲዮዎቹ ያምታቱህ። እነሱ የሚያወሩት ኮምፕሬሰር ብቻ ስለሚቀይር ሰው ነው። የእሱ ኮንደንሰርና ኢቫፖሬተር ውስጥ የቀረ ዘይት አለ፣ ስለዚህ የወጣውን ብቻ ይተካል። ያንተ ሁሉም ደረቅ ነው፣ ሙሉው 150 መግባት አለበት።

ሻጩን አትመን፣ ዋሽቷል ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንዱ ኮምፕሬሰር የሲስተሙን ሙሉ ዘይት ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ በመንገድ እንዳይዝግ ትንሽ ጠብ ተደርጎበት ነው። ውጪውን አይተህ አትለየውም። ፈተህ አውርደው፣ የቱቦ መግቢያዎቹን ወደ ታች አድርገህ መለኪያ ያለው ንጹህ ኩባያ ላይ ገልብጠው፣ በእጅህ እያዞርክ አንጠብጥበው። ፑሌጃውን (ቀበቶው የሚያዞረውን ጎማ) ብታዞር ዝም ብሎ ነው የሚሽከረከረው፤ የምታዞረው ከፊቱ ያለውን የክላች ሳህን ነው። ጉልክ ጉልክ እያለ ይወጣል። ቸኩለህ አታንሳው፣ የመጨረሻዋ 20 ሚሊ ቀስ ብላ ነው የምትመጣው። ከዚያ ለክተህ የጎደለውን ሞልተህ 150 አድርሰው።

ስታስገባው ግማሹን ያህል በኮምፕሬሰሩ መሳቢያ በኩል፣ የቀረውን ድራየሩና ኢቫፖሬተሩ ውስጥ በስሪንጅ አከፋፍለው። ሁሉንም ኮምፕሬሰሩ ላይ ከደፋህ፣ ከማስነሳትህ በፊት የክላች ሳህኑን አስር ጊዜ ያህል በእጅህ አዙር። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ዘይት ሞልቶት በሞተር ኃይል ድንገት ካዞርከው ቫልቩን ይሰብርልሃል።

ቫኪዩሙ አያስጨንቅህ። ውሃን ያፈላና ያወጣል፣ ዘይቱ ግን አይተንም። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያዘው፣ ከዚያ ዘግተህ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ይመለስ እንደሆነ እይ። ከተመለሰ አየር የሚያስገባ ቦታ አለህ።

አቋራጭ፦
ሰውየውን ለምን ታስጨንቁታላችሁ? ዘይት የተቀላቀለበት የጋዝ ጣሳ አለ፣ አንድ ሁለቱን ለቆ ይገላገል። ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል?

አንዴ የተቀጣሁ፦
ይጎዳል እንጂ! እኔም እንዳንተ «ከሚጎድል ይብዛ» ብዬ ከሚገባው 100 ሚሊ ያህል አብልጬ ከተትኩ። መኪናው ሲሄድ ለክፉ አይሰጥም፣ ሲቆም ግን ለብ ያለ አየር ይነፋል። ጋዝ ያነሰ መስሎኝ ጋዝ ጨመርኩ፣ ባሰበት። የከፍተኛው ግፊት መስመር ጌጅ ሲወጣ ሳይ ነው የደነገጥኩት። ትርፉ ዘይት የኮንደንሰሩንና የኢቫፖሬተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ከውስጥ ይለብጣቸዋል፣ ሙቀት እንደልቡ አያልፍም። መጨመር በደቂቃ ነው፤ ለማውጣት ግን ጋዙን አስወጥቼ፣ ኮምፕሬሰሩን አውርጄ፣ መስመሩን አጥቤ ከዜሮ ጀመርኩ። ዘይቱ ካነሰ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ተፋጭቶ ይነክሳል፣ ብረት ብናኙም መስመሩን ሁሉ ይበክላል። እና ለካ ወንድሜ። በጣሳ የሚገባ ዘይት ስንት እንደሆነ ካላወቅህ መለካትህ ምን ዋጋ አለው?

ፑሌጃ፦
ዓይነቱንም እንዳትረሳ። የኮምፕሬሰሩ ታርጋ ላይ ተጽፏል። በአር134ኤ ጋዝ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ፓግ የሚባለውን ዘይት ነው የሚወስደው፤ 46ቱ ቀጭን፣ 100ው መካከለኛ፣ 150ው ወፍራም ነው። (ይህ 150 ውፍረቱ ነው፣ ካንተ 150 ሚሊ ሊትር ጋር እንዳታምታታው፣ ሲያምታቱ አይቻለሁ።) የድሮው አር12 ጋዝ የሚጠቀመው ሚኒራል ዘይት ከአር134ኤ ጋር አይዋሃድም፣ ስለዚህ ሄዶ አንዱ ጥግ ይቀራል እንጂ ኮምፕሬሰሩ ጋ አይመለስም። ሃይብሪድ ያላችሁ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ላይ ፓግ እንዳትጨምሩ። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የእነሱ ፒኦኢ የሚባለው ዘይት ነው።

ሙቀት በዛብኝ፦
አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት አወረድኩት። ሻጩ «ሙሉ ነው» ያለኝ ኮምፕሬሰር ስገለብጠው 60 ሚሊ ሊትር ነው የወጣው! ሩብ ሰዓት ጠብቄ እንደገና ብገለብጠው 5 ጨመረ። ታርጋው ፓግ 46 ይላል፣ ያንኑ ገዝቼ 150 አደረስኩት፣ እንዳላችሁት አከፋፈልኩት። ቫኪዩሙ ከ40 ደቂቃ በኋላ ጌጁ ንቅንቅ አላለም። ጋዝ በሚዛን ሞላሁ፤ መንፊያው አፍ ላይ ቴርሞሜትር ሰክቼ 8 ዲግሪ አነበብኩ። ልጄ ብርድ ልብስ አምጡልኝ እያለች እየቀለደችብኝ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ የተረፈውን ዘይት ላስቀምጠው?

አንዴ የተቀጣሁ፦
ወዲያው ከከደንከው አዎ።

ሙቀት በዛብኝ፦
እ... ክዳኑ ጠፍቶብኝ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው።

ፑሌጃ፦
በቃ ለኤሲ አይሆንም። ፓግ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ ቫኪዩም አያስለቅቀውም። ለጓሮ በር ማጠፊያ አድርገው። የመኪናው ቀለም ላይ ግን እንዳታንጠባጥበው፣ ቀለም ይበላል።