ሴት የማትረግጣት የሴት አምላክ ደሴት

ሰሎሜ፦ ትናንት ስለ ጃፓኗ ደሴት ስለ ኦኪኖሺማ እዚህ የተጻፈውን አያችሁ? «ሴቶች የማይገቡት ለራሳቸው ደህንነት ነው» ይላል። አበስኩ ገበርኩ! የደሴቷ የሺንቶ (የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት) መቅደስ የታጎሪሂሜ ነው። እሷ ደግሞ ሴት አምላክ ናት። ባለቤቷ ሴት፣ በሩ ለሴት ዝግ!

አባ ነገሩ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደሴቷ ከትልቋ የጃፓን ደሴት ከኪዩሹ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ባሕሩ ክፉ ነው። ድሮ ደግሞ ሞተር የለም። ምኑ ይገርማል?

ሰሎሜ፦ ሞገዱ ጾታ እየለየ ነው የሚገለብጠው?

የጣና ልጅ፦ ወሬው አምልጧችኋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት መዘገባት። በፊት በዓመት አንዴ፣ ሜይ 27፣ 200 ያህል ወንዶች ራቁታቸውን ባሕር ውስጥ ታጥበው ይገቡ ነበር። ከ2018 ወዲህ እሱም ቀርቷል። ይኸው እኩልነት!

ሰሎሜ፦ እዚያ የሚጠብቀው ካህኑስ? እሱ ወንድ አይደለም?

አባ ነገሩ፦ ደብረ ዳሞ ሲሆን ዝም፣ ጃፓን ሲሆን ጩኸት። ዳሞ እኮ እንስት ፍየል እንኳ አትወጣም።

ሰሎሜ፦ ዳሞ ገዳም ነው፤ መነኩሴው ዓለምን ንቆ የወጣ ነው። የሺንቶ ካህን ያገባል፣ ይወልዳል። ደሴቷን 10 ቀን ጠብቆ ለተረኛው አስረክቦ ቤቱ ይገባል። ምኑን ከምኑ?

ከቶኪዮ፦ ደሴቷ የምትገኝበት ከተማ ሙናካታ ሄጃለሁ። ሴቶች ከኦሺማ ደሴት ሆነው በሩቁ ይሳለማሉ። ለዚሁ የተሠራ መቅደስ አለ፤ ሰማዩ ከጠራ ኦኪኖሺማ ከዚያ ትታያለች። ደህንነት ላላችሁት ግን፣ እዚያው ሙናካታ ውስጥ ካኔዛኪ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለ። የሴት ጠላቂዎች መፍለቂያ ነን ይላሉ። ትንፋሻቸውን ይዘው ባሕር ወርደው የባሕር ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ሴቶች!

ሰሎሜ፦ በል እንግዲህ አባ ነገሩ፣ እነዚህን ነው ከሞገድ የምትጠብቃቸው?

አባ ነገሩ፦ አንዳንድ ነገር አይጠየቅም። እዚያ ያየኸውን አታወራም፣ ሣር እንኳ ነጭተህ አትወጣም። 80,000 ያህል ቅርስ እስከ ዛሬ የተረፈው እንዲህ ተጠብቆ ነው።

ሰሎሜ፦ አሃ፣ ደህንነቱ የቅርሱ ነው ለካ! ሴቶቹ ሌባ ናቸው?

አባ ነገሩ፦ ያላልኩትን አትበይብኝ።

ሰሎሜ፦ ያልከውንማ መልስ። የካኔዛኪ ሴቶችስ?

አባ ነገሩ፦ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። እንዳንቺ ስልክ ላይ ተጥደው አይውሉም።

የጣና ልጅ፦ አንተስ በብራና ነው የምትጽፈው?