ወንድሜ ከአርሚ በተሰናበተበት ወረቀት ላይ የተጻፈውን ማስለወጥ ይቻላል?

ጥያቄ፦ እህቱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ አሜሪካ በግሪን ካርድ መጥቶ አርሚ ገባ። ኢራቅ ዘምቶ በሰላም ተመለሰ። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጌይ መሆኑን ለአለቃው ስለተናገረ አሰናበቱት። ስንብቱ በክብር ነው፣ «ኦነረብል» ይላል። ግን ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ታችኛው ክፍል፣ ሳጥን 28 ላይ፣ የስንብት ምክንያት በሚለው ቦታ «ሆሞሴክሹዋል አድሚሽን» (ጌይ መሆኑን አምኗል እንደማለት) ተብሎ ተጽፏል።

አሁን የመንግሥት ሥራ ማመልከት ይፈልጋል። ለቬተራን (ለቀድሞ ወታደር) የሚሰጠውን ቅድሚያ ለማግኘት ያንን ወረቀት ማስገባት አለበት። እዚያ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይተወዋል። ነገሩን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። እናታችን አታውቅም። የእኛ ሰው ወሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ጌይ ወታደሮችን የሚያስወጣው ሕግ ከተሻረ ወረቀቱ በራሱ አይስተካከልም? ጠበቃ የግድ ነው? ስሙስ አደባባይ ይወጣል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጡረተኛ ሳጅን፣ ቴክሳስ

እህቴ፣ በራሱ አይስተካከልም። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ወንድምሽ የተሰናበተው በ1993 በወጣው «አትጠይቅ፣ አትናገር» በሚባለው ሕግ ነው። አለቃ አይጠይቅም፣ ወታደሩም አይናገርም ተባለ። ከተናገረ ግን መናገሩ ብቻ ለስንብት ይበቃ ነበር። ከ13,000 በላይ ሰው በዚህ ወጥቷል። ኦባማ መሻሪያውን በታኅሣሥ 2010 ፈረሙ፣ ሕጉ ያበቃው ግን መስከረም 20 ቀን 2011 ነው። ያን ዕለት መከላከያ ሚኒስቴር የወታደር መዝገብ ለሚያርሙ ቦርዶቹ መመሪያ ሰጠ። ሰውየው የተሰናበተው በዚህ ሕግ ብቻ ከሆነና ሌላ ጥፋት ከሌለበት፣ ጥያቄውን በመደበኛነት ተቀበሉት የሚል ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የስንብት ምክንያትም «ሴክሬታሪያል ኦቶሪቲ» (በሚኒስትር ሥልጣን) በሚል ይተካል። ይህ አገላለጽ ስለ ማንም የግል ሕይወት የሚናገረው ነገር የለም።

በ2024 ፔንታጎን (መከላከያ ሚኒስቴሩ) ከ800 በላይ ፋይሎችን ራሱ አንስቶ መርምሯል። እሱ ግን ያለ ክብር የተሰናበቱትን ነው የሚመለከተው። ወንድምሽ በክብር ስለወጣ እዚያ ውስጥ አይገባም። ራሱ ማመልከት አለበት።

መልስ፦ ሕግ ቢሮ የምሠራ፣ አሌክሳንድሪያ

ሳጅን ባሉት ላይ ልጨምር።

ሁለት ዓይነት ቦርድ አለ። አንደኛው የስንብት መርማሪ ቦርድ ነው፣ ቅጹ ዲዲ 293፣ ግን ከተሰናበቱ በ15 ዓመት ውስጥ ነው የሚቀበለው። የወንድምሽ 2021 ላይ አልፏል። ስለዚህ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው፣ የአርሚ መዝገብ አራሚ ቦርድ ነው። ቅጹ ዲዲ 149 ይባላል። እዚያም የሦስት ዓመት ገደብ አለ፣ ሆኖም ለፍትሕ ሲባል ማለፍ ይችላሉ። ቅጹ ላይ «ለምን ዘገየህ» የሚል ጥያቄ አለና ባዶ አይተወው። «ያባረረኝ ሕግ ራሱ ተሽሯል፣ ማረም እንደሚቻል ያወቅሁት አሁን ነው» ካለ በቂ ነው።

ክፍያ የለውም። ጠበቃም የግድ አይደለም። የቬተራን ማኅበራት ቅጹን በነጻ አብረው ይሞላሉ።

ሌላም አለ። በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመከላከያ ሚኒስቴር ላይ ክስ ተመሥርቶ በ2025 በስምምነት አልቋል። በክብር ተሰናብተው ወረቀታቸው ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለባቸው ሰዎች ቀለል ባለ መንገድ አዲስ እንዲወጣላቸው የሚያደርግ ነው። መጀመሪያ ይህ መንገድ ይሠራለት እንደሆነ ያጣራ፣ ዲዲ 149 ከዚያ ይመጣል።

ስለ ስም የጠየቅሽው፦ ቦርዱ ውሳኔዎቹን ያወጣል፣ ግን ስምና መለያ ተሰርዞ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ አይኖርም።

አስተያየት፦ ከአትላንታ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በሃይማኖታችንም በባህላችንም የማይደገፍ ነገር ነው። እንዲህ በግልጽ መወያየታችን ደስ አላለኝም። ደግሞ አዲሱ አስተዳደር መልሶ ከልክሏል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛ ሳጅን፣ ቴክሳስ

ወንድሜ፣ እምነትህን አከብራለሁ። እኔም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ። ግን ከ2011 በፊትም በኋላም ወታደር መርቻለሁ። «ሠራዊቱ ይፈርሳል» ሲባል ነበር፣ ምንም አልፈረሰም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ልጅ ስልክ ሲያወራ የፍቅረኛውን ስም እየለወጠ ሲጠራ አይቻለሁ፣ ወንዱን በሴት ስም። ጎበዝ መካኒክ ነበር። ሌሊት ኮንቮይ ሲበላሽ ስሙ የሚጠራው የሱ ነበር። ይህን ልጅ መዋሸት ያስተማረው ሕጉ ነው። ለአገር ደሙን ሊሰጥ የቆመ ሰው ስለማንነቱ እንዲዋሽ ማስገደድ በደል ነው፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

የሰማኸው የ2025 ትእዛዝ ትራንስጀንደር ወታደሮችን የሚመለከት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዲተገበር የፈቀደውም እሱን ነው። ጌይና ሌዝቢያን ወታደሮችን አይነካም፣ የዚህችን እህት ጉዳይም አይነካም።

አስተያየት፦ ከኔታንያ

እዚህ እስራኤል ጌይ ወታደሮች ከ1993 ጀምሮ በይፋ ያገለግላሉ። የኛም ልጆች አብረዋቸው እየዘመቱ ነው ያደጉት። በርቺ እህቴ፣ ወንድምሽን አትተዪው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ትንሽ ተነፈስኩ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ወረቀቱ አሁን እጁ ላይ የለም፣ ተናዶ ቀዶታል። እኔ ላስወጣለት እችላለሁ? ማመልከቻው ላይስ የግል ሕይወቱን መዘርዘር አለበት?

መልስ፦ ሕግ ቢሮ የምሠራ፣ አሌክሳንድሪያ

አንቺ ማውጣት አትችዪም፣ በሕይወት ስላለ የሱ ፊርማ ያስፈልጋል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሴንት ሉዊስ ካለው ማኅደር በኦንላይን ይጠይቅ። ሁለት ዓይነት ኮፒ አለ። አጭሩ የታችኛው ክፍል የተቆረጠበት ነው፣ ምክንያቱ አይታይም። ወታደር ነበርኩ ለማለት ብቻ ይበቃል። ለመንግሥት ሥራ ቅድሚያ ግን የስንብቱ ዓይነት መታየት ስላለበት ሙሉውን ነው የሚጠይቁት። ሁለቱንም ያውጣ።

ስለ ፍቅር ሕይወቱ አንድ መስመር መጻፍ የለበትም። መቼ ገባ፣ የት አገለገለ፣ ምን ሽልማት አገኘ፣ የተሰናበተበት ብቸኛ ምክንያት ያ ሕግ ነው፣ ይበቃል። ፋይሉ ላይ ሌላ ክስ ካለ ግን፣ ለምሳሌ ከግዳጅ መጥፋት፣ ቦርዱ ያንን ለብቻ ስለሚያየው ከመላኩ በፊት የነጻ ሕግ ድጋፍ ይያዝ።

ጥያቄው ላይ ሳጥን 28ን ብቻ እንዳይጠቅስ። ሳጥን 26 ላይ ያለው የስንብት ኮድና 27 ላይ ያለው ተመልሶ የመግቢያ ኮድም ይለወጡ ብሎ ይጻፍ፤ ለሚያውቅ ሰው ኮዱ ብቻውን ሁሉን ይናገራል። ደግሞ ዲዲ 215 የሚባል የማረሚያ ቅጠል ተያይዞ እንዳይመጣለት፣ አሮጌው ከሥሩ ይቀራልና። «አዲስ 214 ይውጣልኝ» ብሎ ለይቶ ይጠይቅ። የላከውን ሁሉ ኮፒ ያስቀር።