የተገደደውን ከፈቀደው እንዴት ልለየው?

ደብረ ብርሃን ሆኜ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው፤ ርእሱ የዘመናዊ ኢምፔሪያሊዝምና የኒዮሊበራል ፖሊሲ (ገበያን ነጻ የሚለቅ፣ የመንግሥትን ሚና የሚቀንስ ፖሊሲ) ዝምድና ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሜአለሁ።

በእጄ ያሉት ሁለት አጋጣሚዎች ናቸው። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ የመዋቅር ማስተካከያ የሚባለው፣ ከብድር ጋር የሚመጣው የኢኮኖሚ ማሻሻያም አብሮ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። እኔም «ድሮ በመድፍ የገባው ዛሬ በብድር ገባ» ብዬ ጻፍኩ። ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ በሚጠይቁበት ድርጅት ውስጥ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ድምፅ መያዟን፣ ማለትም ውሳኔዎቹን ብቻዋን ማገድ መቻሏንም ጨመርኩበት። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ «የቀን መግጠም ማስረጃ አይሆንም» ብለው መለሱልኝ። ልክ ናቸው፤ ያበሳጨኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ለድርጅቱ የሚላኩትን የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤዎች (ተበዳሪው ሊወስድ ያሰባቸውን የፖሊሲ እርምጃዎች የሚዘረዝርባቸውን) አገላበጥኩ። የሚጻፉት በተበዳሪው መንግሥት ስም ስለሆነ ሁሉም ነገር የመንግሥት የራሱ ሐሳብ መስሎ ይነበባል። አንጎለላ ገብስ የሚያርሱት አባቴ ግን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ የማዳበሪያ ደረሰኝ ዘርግተው «ይህን ዋጋ የቆረጠው ማነው?» ይሉኛል። ከእኔ የምርምር ጥያቄ የእሳቸው ይሻላል። ለቃለ መጠይቅ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄም ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

አበዳሪ ያስገደደውን ፖሊሲ መንግሥት ራሱ ፈልጎ ካመጣው ለመለየት የትኛውን ሰነድ ከየትኛው ጋር ላስተያይ?